ተራራው አይደበቅም

ሹምሸሃ ካለው የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳ አብራሪ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢዞር አቡነ ዮሴፍ ይጋረጥበታል። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ የተራራው ጫፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። የላስታ ሰው ይህን ልዩነት በጉልበቱ ያውቀዋል። አሁን ግን ላስታን ረግጦ የማያውቅ፣ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን የተቀመጠ ወጣትም ያውቀዋል። ኮምፒውተሩ ላይ የበረራ ሲሙሌተር ይከፍታል፤ የማረፊያውን አራት ፊደል መለያ፣ ኤች-ኤ-ኤል-ኤል ብሎ ያስገባል፤ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይነሳና ገደሉን ተሻግሮ በገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሰማይ ላይ ይዞራል።

ይህን ሲያይ የሚደነቅ አለ፤ የሚሰጋም አለ። ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ላሊበላ በሰሜኑ ጦርነት ከ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከአንዱ ጦር ወደ ሌላው እጅ ስትተላለፍ ቆይታለች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ውጊያ ሲነሳ ወደ ከተማዋ የሚደረገው በረራ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ልጁ የአካባቢውን ተራራና የአውሮፕላን ማረፊያውን በጨዋታ መልክ ሲያገላብጥ ቢያይ፣ «ይህን ማን አወጣው? ለማንስ ይጠቅማል?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። የዚህ ምዕራፍ ሥራ ጥያቄውን በቁም ነገር ወስዶ መመለስ ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለላቸው በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መረጃው ከየት እንደሚመጣ እንይ። የማረፊያው ቦታ፣ ከፍታ፣ የመንደርደሪያው ርዝመትና አቅጣጫ ከማንም አልተሰረቀም። አገሮች በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሥርዓት መሠረት ራሳቸው የሚያሳትሙት ነው። በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው ስምምነት አባል የሆነ አገር ሁሉ ስለ ማረፊያዎቹና በዙሪያቸው ስላለው እንቅፋት፣ ተራራም ሆነ አንቴና፣ ለአብራሪዎች በይፋ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ለውጥ ሲኖር የሚታደሰው በየ28 ቀኑ በሚዞር የጋራ ሰሌዳ ነው። ይህ ሕግ የወጣው ለሲሙሌተር ብሎ አይደለም። ከናይሮቢም ከካይሮም የሚመጣ አብራሪ የማያውቀው ተራራ ላይ እንዳይላተም ነው።

የተራራው ቅርጽ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ለ11 ቀን ምድርን ዞረች። በሆዷ አንድ የራዳር አንቴና ይዛለች፤ ሌላውን 60 ሜትር በሚረዝም ምሰሶ ጫፍ ላይ ወደ ጎን ዘርግታለች። ከመሬት ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ ሁለቱ ጋ የሚደርሰው በጥቂት ልዩነት ነው፤ ከዚያ ልዩነት የእያንዳንዱ ነጥብ ከፍታ ይሰላል። በዚህ መንገድ ከየብሱ 80 በመቶ የሚሆነው ተለካ። ላስታም አለችበት። ጥልቅ ገደል ባለበት ራዳሩ ጥላ ስለሚጥል ክፍት የቀሩ ቦታዎች ነበሩ፤ እነሱ በኋላ ከሌላ ምንጭ ተሞሉ።

ሥራው የጠፈር ድርጅቱ ናሳና የአሜሪካ ወታደራዊ የካርታ መሥሪያ ቤት የጋራ ሥራ ስለነበር የደኅንነት ጥያቄው ከመጀመሪያው አብሮት ነበር። ለሕዝብ የተለቀቀው ሁለት ዓይነት ሆነ። የአሜሪካ መሬት በየ30 ሜትሩ አንድ የከፍታ ቁጥር ተሰጠው፤ የተቀረው ዓለም በየ90 ሜትሩ። የጠራው ቅጂ እያለ ከ10 ዓመት በላይ ተቆልፎ ቆየ። በመስከረም 2014 ኒው ዮርክ ላይ የአየር ንብረት ጉባኤ ሲካሄድ ይለቀቅ የሚል ውሳኔ ተነገረ፤ በቅድሚያ የተለቀቀውም የአፍሪካ ነበር። ምክንያቱ ጎርፍን፣ የመሬት መንሸራተትንና ድርቅን የሚያጠኑ ሰዎች ያለ እሱ መሥራት መቸገራቸው ነው። በነፃ የሚሰራጨው ፍላይትጊርና መሰሎቹ ሲሙሌተሮች ተራራቸውን የሚያቆሙት በዚህ መረጃ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ብንሠራ ብዙ ፍርሃት ልኩን ይይዛል። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ 12 ሜትር በ12 ሜትር ገደማ የሆነ መስቀል ነው። 30 ሜትር በ30 ሜትር ለሆነ መሬት አንድ የከፍታ ቁጥር ብቻ ሲሰጥ፣ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወረደው ቤተ ክርስቲያን በዚያ አንድ ቁጥር ውስጥ ይዋጣል፤ ጉድጓዱም፣ ግድግዳውም፣ መግቢያው ዋሻም የለም። በላዩ የሚነጠፈው የሳተላይት ፎቶ ከከፍታው መረጃ በጣም የጠራ ሊሆን ስለሚችል የመስቀሉ ጣሪያ ይታያል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ተጨንቆ ቅርጹን ለብቻው ካልሠራው በቀር በጠፍጣፋ መሬት ላይ የተሳለ ሥዕል ሆኖ ነው የሚታየው። በ2008 መጠለያ የተሠራላቸውን አብያተ ክርስቲያናት ያየን እንደሆነ ፎቶው የሚያሳየው የመጠለያውን ጣሪያ ነው። ገነተ ማርያምን ገነተ ማርያም ያደረጋት ደግሞ ውስጧ ነው፤ በግድግዳዋ ላይ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕሎች አሉ፤ ከ1270 እስከ 1285 የነገሡት የአፄ ይኩኖ አምላክ ምስል ከነጽሑፉ ይገኝባታል። ከጠፈር የሚያነሳ ካሜራ ከድንጋዩ ጣሪያ አልፎ አይገባም።

ይህ ሁሉ ማለት ግን ፍርሃቱ ሥር የለውም ማለት አይደለም። ሥሩ ከሳተላይት በፊት ነው፤ ያውም በዚሁ ደጋ። በ1867 የእንግሊዝ ጦር ሚኒስቴር አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስለቀቅ ዘመቻ ሲያሰናዳ፣ የካርታ ክፍሉ በሌተና ኮሎኔል ኩክ አዘጋጅነት የአቢሲኒያን መንገዶች የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመ። ውስጡ ያለው በአብዛኛው ተጓዦች ለማንም አንባቢ ብለው ካሳተሙት የተለቀመ ነበር፤ ከየት እስከ የት ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ ውኃ የት እንዳለ፣ የትኛው ቁልቁለት በቅሎ እንደሚያሳልፍ። በቀጣዩ ዓመት የጄኔራል ናፒር ጦር ከዙላ ተነስቶ በአሸንጌ ሐይቅ፣ በላስታ ደጋና በዋድላ አልፎ መቅደላ ደረሰ። የአገር መንገድ መጽሐፍ ላይ ሲወጣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አላውቅም።

ግን ያንኑ ታሪክ ሙሉውን እናንብበው። ናፒርን መቅደላ ያደረሰው የመንገድ መጽሐፉ ብቻ አልነበረም። የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ የሆኑት፣ ስንቅ እንዲያገኝ ፈቀዱ፤ ላስታን ይዘው የነበሩት ዋግሹም ጎበዜም መንገዱን አልዘጉም። ቴዎድሮስ በዚያ ወር የት እንዳሉ፣ ስንት ሰው እንደቀራቸው፣ ማን እንደከዳቸው የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። ተራራው ለዘመናት እዚያው ነበር፤ የዘመቻውን ዕጣ የወሰነው በዚያ ሳምንት ማን የት እንደቆመ ነው። ይህ ልዩነት፣ በማይንቀሳቀስ ነገርና በሚንቀሳቀስ ሰው መካከል ያለው ልዩነት፣ በዚህ ምዕራፍ ደጋግሞ ይመጣል፤ ምክንያቱም የደኅንነት ክርክሩ ብዙ ጊዜ ሁለቱን አደባልቆ ስለሚያያቸው ነው።

በኛ አገር ካርታ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ምስጢር ያህል ተጠብቋል። 1 ለ50,000 የሆነውን፣ ማለትም አንድ ሳንቲ ሜትሩ 500 ሜትር የሚወክለውን የወረቀት ካርታ ከካርታ ሥራ መሥሪያ ቤቱ ለመግዛት ከመሥሪያ ቤት ወይም ከዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቅ ነበር። ደብዳቤው ያገደው ማንን ነው? ታላላቅ ጦሮች የራሳቸው ካርታ ነበራቸው፤ የሶቪየት ኅብረት ጦር አብዛኛውን ዓለም በምስጢር ካርታ አንስቶ ይዞ ነበር። ደብዳቤው ያስቸገረው የምርምር ወረቀት የሚጽፈውን ተማሪ፣ የውኃ መስመር የሚቀይሰውን ቴክኒሻን፣ ከወረዳው ወደ ቀበሌ የሚያቀናውን የጤና ባለሙያ ነው። ይህን የምለው የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም፤ በዘመኑ ከነበረው አስተሳሰብ የተለየ አላደረጉም።

የሶቪየት ካርታዎች በኋላ ያገኙት ዕጣ ግን ሊነገር ይገባዋል። ዶን ቤትማን የተባለው ካናዳዊ መሐንዲስ ዕድሜውን የፈጀበት ችግር ምንም ብልሽት የሌለባቸው አውሮፕላኖች በጨለማና በደመና ተራራ ላይ መላተማቸው ነበር። የቆየው የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ወደ ታች ብቻ ስለሚለካ ከፊት ያለውን ገደል አያይም። ቤትማን መሣሪያው የምድርን ከፍታ በሙሉ በውስጡ ቢይዝ አስቀድሞ «ተራራ! ወደ ላይ!» ብሎ መጮህ እንደሚችል ያውቃል፤ የከፍታው መረጃ ግን በየአገሩ ተቆልፏል። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ወታደራዊ ካርታዎቿ ለገበያ ወጡ፤ የቤትማን ኩባንያም ገዛቸው። በታኅሣሥ 1995 አንድ የአሜሪካ መንገደኞች አውሮፕላን ኮሎምቢያ ውስጥ ካሊ አጠገብ ተራራ ላይ ወድቆ 159 ሰው ካለቀ በኋላ ይህ መሣሪያ በመንገደኞች አውሮፕላኖች ላይ ግዴታ እየሆነ መጣ። በምስጢር የተያዘው የተራራ ከፍታ ከምስጢርነት ሲወጣ ያተረፈውን ሕይወት ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። ዛሬ በላስታ ሸንተረሮች መካከል ወደ ሹምሸሃ የሚወርድ የመንገደኞች አውሮፕላን በኮክፒቱ የአቡነ ዮሴፍን ከፍታ ይዞ ነው የሚወርደው።

ስጋቱ በበረራ ሲሙሌተር ላይ በቀጥታ ያረፈው ከመስከረም 11 ቀን 2001 በኋላ ነው። ማይክሮሶፍት በዚያ ዓመት ሊያወጣው የነበረውን ፍላይት ሲሙሌተር አዘግይቶ የኒው ዮርክን መንትያ ሕንፃዎች ከውስጡ አወጣ፤ ሟቾችን ማክበር ነበርና ማንም አልተቃወመም። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። በ2003 መጨረሻ ማሳቹሴትስ ውስጥ አንዲት እናት ለ10 ዓመት ልጇ የበረራ ሲሙሌተር አለ ወይ ብላ ሱቅ በመጠየቋ ፖሊስ ቤቷ ድረስ መጣ። የጠየቀችው በማንኛውም የኮምፒውተር ሱቅ የሚሸጥ ዕቃ ነው።

በኅዳር 2004 ደግሞ የአሜሪካ የጂኦስፓሻል መረጃ ተቋም ለዓመታት ለሕዝብ ሲሰጥ የነበረውን የዓለም አቀፍ በረራ መረጃ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ዳፊፍ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ስብስብ የዓለምን ማረፊያዎች፣ የሬዲዮ መሪዎችና የበረራ መስመሮች በአንድ ቦታ የያዘ ነበር፤ በትርፍ ጊዜያቸው ሲሙሌተር የሚሠሩ ሰዎች የሚተማመኑት በእሱ ነበር። ለመዘጋቱ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ አንዳንድ አገሮች ያነሱት የባለቤትነት መብት ነው፤ ሌላው አሸባሪዎች እንዳይጠቀሙበት የሚል ነው። ጥቅምት 2006 ላይ ተዘጋ። የባለቤትነቱ ክርክር የራሱ ፍርድ ቤት አለው፤ የሽብሩን ግን መመርመር ይቻላል። መረጃው ከአንድ በር ተዘግቶ በሌሎች በሮች ክፍት ነበር፤ እያንዳንዱ አገር የራሱን ያሳትማል፣ እንደ ጄፕሰን ያሉ ኩባንያዎች ለአየር መንገዶች ይሸጣሉ። ገንዘብ ያለው አጥፊ ከተሸጠበት ይገዛል። የተቸገሩት ሳንቲም ሳያገኙበት የሚሠሩት ናቸው፤ እነሱም የየአገሩን ማረፊያ በእጃቸው መሰብሰብ ጀመሩ። ይህ ውሳኔ ማንንም ከአደጋ እንዳልጠበቀ አምናለሁ።

አሁን ወደሚንቀሳቀሰው ነገር እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። የዛሬ አውሮፕላን ኤዲኤስ-ቢ በተባለ መሣሪያ ያለበትን ቦታ፣ ከፍታና ፍጥነት በየሰከንዱ በሬዲዮ ይናገራል፤ ምልክቱ አልተመሰጠረም፣ ርካሽ መቀበያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። መጋቢት 10 ቀን 2019 ከቦሌ ተነስቶ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን የመጨረሻ ጉዞውን በዚሁ ምልክት ነግሮናል። 157 ሰው አልፏል። የጥቁር ሳጥኑ ንባብ ገና ነበር፤ ቦይንግም የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣንም ማክስ የተባለውን ይህን የአውሮፕላን ዓይነት የሚያቆም ምክንያት የለም እያሉ ነው። በዚህ መካከል ኤይሪዮን የተባለው ኩባንያ በኢሪዲየም ሳተላይቶች የተቀበለውን የበረራውን ምልክት ለባለሥልጣናት ሰጠ። የአውሮፕላኑ መውጣትና መውረድ 5 ወር ከማይሞላ ጊዜ በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ ከወደቀው ሌላ ማክስ ጋር ይመሳሰላል። የካናዳ የትራንስፖርት ሚኒስትር ማርክ ጋርኖ ይህን ጠቅሰው አውሮፕላኑን አገዱ፤ አሜሪካም በዚያው ቀን አገደች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ ውሳኔ ቀድሞ አቁሞት ነበር። ምልክቱ ተመስጥሮ ቢሆን ኖሮ ዓለም ያንን መመሳሰል ለማየት ስንት ቀን ይጠብቅ ነበር? በነዚያ ቀናት ስንት ማክስ በአየር ላይ ነበር?

ያው ምልክት ሌላም ያወጣል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ወደ ቢሾፍቱ የሚመላለሱ የጭነት አውሮፕላኖችን ቤታቸው የተቀመጡ ተከታታዮች እየቆጠሩ ይዘግቡ ነበር። በጥር 2018 ደግሞ ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ ቀደም ብሎ ያወጣው የሯጮች ካርታ በየበረሃው ያሉ ወታደሮች በሰፈራቸው ዙሪያ ሲሮጡ የተዉትን ዱካ እንደሚያሳይ ታወቀ። የሰፈሩ ግንብ በሳተላይት ፎቶ ድሮም ይታይ ነበር፤ አዲሱ ነገር የሰዎቹ ልማድ ነው፣ በየትኛው በር እንደሚወጡና በየትኛው መንገድ እንደሚዞሩ። በመንግሥት ቦታ ሆኜ የምሰጋ ብሆን የምሰጋው ይህን ነው። በላስታ መንደር ሆኜ ብሰጋ ደግሞ ይበልጥ፤ ምክንያቱም በውጊያ ቀን አንድ ሰው «ልጆቹ እዚህ ዋሻ ውስጥ ናቸው» ብሎ በስልኩ የሚልካት ነጥብ ከየትኛውም የተራራ ካርታ በላይ ሰው ታስገድላለች። ድሮን ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ መሆኑ በዚህ ሚዛን ሲታይ ምክንያት አለው፤ ድሮን የሚያየው አሁን ያለውን ነው፣ ሲሙሌተር የሚያሳየው ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት የተነሳ ፎቶ ነው።

የማይንቀሳቀሰው መረጃ ክፍት መሆኑ ደካማውንም ያገለግላል። በ2021 በትግራይ ማኅበረ ደጎ አካባቢ የደንብ ልብስ የለበሱ ታጣቂዎች ያልታጠቁ ወንዶችን ገድለው ከገደል ሲወረውሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ቦታው የት እንደሆነ ቪዲዮው አይናገርም። የቢቢሲ አፍሪካ አይና የቤሊንግካት መርማሪዎች በስተጀርባ የሚታየውን የሸንተረር መስመር ከሳተላይት ምስል ጋር አመሳክረው ቦታውን አረጋገጡ። አንድ ተጫዋች ለደስታው የሚበርበት ዓይነት መረጃ፣ የሟች ቤተሰብ «ልጄ የት ወደቀ?» ለሚለው መልስ ሆነ። ይህን መረጃ ይዘጋ የሚል ሰው ይህን መልስም አብሮ እንደሚዘጋ ማወቅ አለበት።

የአብያተ ክርስቲያናቱ ቅርሶችስ? አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ ነበር፤ ተገኝቶም ተመልሷል። ያኔ ላስታን እንዲህ አጥርቶ የሚያሳይ ሲሙሌተር አልነበረም። መስቀል የሚሰርቅ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ በየትኛው ኬክሮስ ላይ እንዳለ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ዕቃ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ቁልፉ ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ጠባቂው ስንት ሰዓት እንደሚቀየር ማወቅ ነው የሚበቃው። ስለዚህ በላሊበላና በገነተ ማርያም ጥበቃው የሚያስፈልገው ከደጁ በስተ ውስጥ ላለው ነው። ጎብኚ የዕቃ ቤቱን ውስጥ እያነሳ ያለበትን ቦታ ጨምሮ ሲለጥፍ ዝም ማለት፣ ተራራውን ከካርታ ለመፋቅ ከመድከም የባሰ ጥፋት ነው።

ክፍት መረጃ ሲሳሳትም በክፍትነቱ ይታረማል። በ2020 ማይክሮሶፍት አዲሱን ፍላይት ሲሙሌተር ሲያወጣ በሜልቦርን ከተማ ዳር ባለ ተራ ሰፈር 212 ፎቅ ያለው ግንብ ቆሞ ተገኘ። ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ካርታ ላይ አንድ ሰው የአንድ ሕንፃን ፎቅ 2 ሊል 212 ብሎ ስለጻፈ ነው። ካርታው ላይ ስሕተቱ በሌላ በጎ ፈቃደኛ ታርሞ ነበር፤ ሲሙሌተሩ የወሰደው ግን ከመታረሙ በፊት የነበረውን ቅጂ ነው። ሜልቦርን ውስጥ የሚያርም ሰው አለ። በላስታ ደጋ ግን ብዙው መንደር በዚህ ካርታ ላይ የገባው ራቅ ካለ ቦታ ሆነው የሳተላይት ፎቶ በሚያነቡ ሰዎች ነው፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያያሉ፣ የመንደሩን ስም ግን አያውቁም፣ ክረምት ላይ የትኛው መሻገሪያ እንደሚዘጋም አያውቁም።

ይህን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። የገነተ ማርያም ተማሪ ስልክ ይዞ ከመንደሩ ካርታ ላይ ሊያስገባው የሚገባ ብዙ ነገር አለ፤ ጤና ኬላው፣ ምንጩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ መኪና የሚደርስበት የመጨረሻ ነጥብ፣ ድልድዩ፣ ቤተ ክርስቲያኗ በትክክለኛ ስሟና አጻጻፏ። የዕቃ ቤቱን በርና የመነኮሳቱን ማደሪያ ይተወው። በጦርነት ወቅት ሰው የተጠለለበትን ዋሻም እንዲሁ፤ ሰላም ሆኖ ዋሻው ባዶ ቢሆን እንኳን።